ስካን የተደረገ ጋዜጣ ወረቀቱ ይወገድ ወይስ ይቀመጥ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ መደርደሪያ የጠበበው ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የጋዜጣ ጥራዞችን ስካን አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ቢያስወግድ ተገቢ ነው?

ባለስካነሩ፦ ይወገድ ባይ ነኝ። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ነው። ውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቢጫል፣ አሲዱ ደግሞ ወረቀቱን ያደርቀዋል። አንባቢ በገለጠው ቁጥር ጠርዙ ይረግፋል። "እናስቀምጠው" የምትሉት በተግባር ቀስ ብሎ መጣል ነው። እሳትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ወረቀቱ ብቻ የነበረው ነገር እዚያው ቀረ።

ጠራዥ፦ "ስካን ተደርጓል" ሲባል እንዴት ተደርጎ? ጥራዙ ሳይፈታ ከተነሣ በስፌቱ በኩል ያለው ዓምድ ይጎብጥና የየመስመሩ ጫፍ ፊደላት ይዋጣሉ። ሁለት ቅጠል አብሮ ይገለጥና ሁለት ገጽ ይታለፋል። በጥቁርና ነጭ ብቻ ከተነሣ ፎቶግራፉ ጥላሸት ይመስላል። ገጽ በፊልም ላይ አንሶ በሚቀረጽበት በማይክሮፊልም ዘመንም ብዙዎች ጥራዙን ጥለው ፊልሙን ይዘው ቀሩ፤ የጎደለው ገጽ የታወቀው ኋላ ነው። ያኔ ከየት ይመጣል?

ባለስካነሩ፦ ሥራው ቢበላሽ የአሠራር ጥፋት ነው። 400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ 24 ቢት ቀለም፣ ያልተጨመቀ ቲፍ የሚባል የምስል ፋይል፤ ጠዋት ጠዋት የቀለም መለኪያ ሰሌዳ ስካን ይደረጋል። የፋይሉ ብዛትም በእጅ ከተቆጠረው የጥራዙ ገጽ ጋር ካልገጠመ ጥራዙ ከመደርደሪያ አይወጣም። ናሙና አይበቃም፣ ሁሉም ይታያል።

ሰርቨር ክፍል፦ ሒሳቡንም አብረው ይሥሩታ። በዚያ ጥራት አንድ ኤፎር ገጽ 46 ሜጋባይት ገደማ ነው። የጋዜጣው ገጽ የኤፎር አራት እጥፍ ከሆነ 185 ይደርሳል። 10,000 ገጽ ከ1.8 ቴራባይት በላይ፣ በሦስት ቅጂ 5.5 ገደማ። ሦስት ያልኩት በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም ከሕንጻው ውጭ ስለሚቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ሲገባ ቼክሰሙ (ፋይሉ መለወጡን የሚያሳይ ከይዘቱ የተሰላ ቁጥር) ይመዘገባል፣ በየጊዜው እንደገና ተሰልቶ ይነጻጸራል። ይህን የሚከታተል ሰው ካልተመደበ ያላችሁ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ሃርድ ዲስክ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ) ሲጠቃ ዋናው ካታሎግ በድረ ገጽ የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ያም ለፍለጋ ብቻ።

ባለስካነሩ፦ ጥሩ ምሳሌ አመጡ፤ ግን ለእኔም ይሠራል። ካታሎጉ ሲወድቅ ሩቅ መጋዘን ያለውን መጽሐፍ ማስመጣትም ተቸገሩ። ወረቀቱ ስላለ ብቻ አልተገኘም።

ካታሎገር፦ ሁለታችሁም ምስሉን እንጂ ጽሑፉን አላነሣችሁም። የግዕዝ ፊደል በትንሽ እግር ስለሚለይ በደበዘዘ ኅትመት ላይ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ማሽን "ቢ"ን "ቡ" ብሎ ያነባል። በዚያ ላይ አንዱ ጋዜጣ "ፀሐይ" ሲል ሌላው "ጸሀይ" ይላል። ስለዚህ መረጃ ጠቋሚው ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለሉ፤ ለአንባቢው የሚታየው ግን እንደታተመው ይሁን። ይህ ሳይሠራ ወረቀቱን የሚጥል ሰው ማንም ፈልጎ የማያገኘው ክምችት ነው የሚያስረክበው።

ጠራዥ፦ የቅጂ መብቱ ካላለቀ ደግሞ ምስሉን በድረ ገጽ መልቀቅ አይቻል ይሆናል፤ አንባቢው ሕንጻው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ብቻ ያያል። ቦታ ተረፈ፣ አገልግሎቱ ግን የት ሰፋ? እኔ የምስማማው በአንድ መንገድ ነው፦ የተለያዩ ቤተ መጻሕፍት ተስማምተው የእያንዳንዱን ጋዜጣ አንድ ሙሉ ስብስብ የሚይዘውን በጽሑፍ ይወስኑ፣ የሌሎቹ ድርብ ቅጂ ይውጣ።

ባለስካነሩ፦ ያንን እቀበላለሁ፤ ያዡ ግን የሙቀቱንና የእርጥበቱን ልክ በየጊዜው መዝግቦ ለሌሎቹ ያሳውቅ።