ፊንላንድ ያየሁትን ፕሮጀክት ክፍሌ ውስጥ ሞክሬው አልሄደልኝም፤ ምን ጎደለኝ?

የሳይንስ መምህርት፦
ሰላም መምህራን። ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ነው የማስተምረው። ባለፈው የካቲት ለልምድ ልውውጥ ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ሄጄ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አራት ቀን ተቀምጬ ነበር። ብዙ ነገር አየሁ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን የሐሙሱ ነው።

አምስተኛ ክፍሎች ናቸው። ታምፔሬ በሁለት ሐይቆች መካከል ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ወቅት ሐይቁ ከላይ በረዶ ሆኖ ሰው ይሄድበታል። የልጆቹ ጥያቄ «ሐይቁ እንዲህ ሲቀዘቅዝ ዓሦቹ ለምን አይሞቱም?» የሚል ነበር። መምህሩ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ በረዶውን በሳው። ልጆቹ ውፍረቱን ለኩ፤ 41 ሳንቲሜትር። ከዚያ በየሜትሩ ቀይ ምልክት ያለው ረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ቴርሞሜትር ቁልቁል ለቀቁ። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ጽፏል። አብዛኞቹ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ይበልጥ ይቀዘቅዛል ነበር ያሉት።

ከበረዶው ሥር ዜሮ አካባቢ ነበር። ታች ሲደርስ ከ3 ዲግሪ አለፈ።

አንዲት ልጅ ቁጥሩን አይታ «ተበላሽቷል» አለች። እኔ መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሃ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ታች ይሰምጣል፣ በጣም የቀዘቀዘው ላይ ይቀራል ብዬ ላስረዳት። መምህሩ «እንዴት እናረጋግጥ?» ብቻ አላትና እጁን ኪሱ ከቶ ዝም አለ። ልጆቹ ተነጋገሩ። ከሌላው ቡድን ቴርሞሜትር ተውሰው ደገሙት። ያው ሆነ። የዚያች ልጅ ፊት እስካሁን ይታየኛል።

እኔም ተመልሼ ሞከርኩ። 62 ተማሪ አለኝ። ስምንት ስምንት አድርጌ መደብኳቸው፣ «ስለ ውሃ ፕሮጀክት ሥሩ» አልኩ፣ እንደዚያ መምህር ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከየቡድኑ አንድ ሁለት ልጅ ሠራ፣ የቀረው ተቀምጦ አየ። ፖስተሮቹ ያምራሉ። አንዱን ልጅ «ትነት ምንድን ነው?» ስለው ግን ዞሮ ፖስተሩን አየ። የሠራችውም ያልሠራውም እኩል ማርክ ወሰዱ፤ ይሄ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። የዓመቱ የትምህርት ዕቅዴም ወደኋላ ቀረብኝ።

ልተወው ግን አልፈልግም። ብዙ ተማሪ ይዛችሁ የሞከራችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት? ማርኩንስ?

ኬሚስትሪ ክፍል፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ስምንቱን ተዪው። ቡድን ከአራት ካለፈ ሰነፉ መደበቂያ ያገኛል፣ ዓይናፋሩም አፉን ሳይከፍት ይወጣል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል 58 ተማሪ ይዤ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ማርኩ ከ20 ከሆነ 14ቱ የግል፣ 6ቱ የቡድን ነው። የግሉን የማየው ከደብተር ነው፤ ግምቱን፣ የለካውን፣ የተሳሳተውን እያንዳንዱ በራሱ እጅ ይጽፋል። የቡድኑ 6 የሚሰጠው በቃል ጥያቄ ሲሆን ማን እንደሚመልስ ዕጣ ነው። ዕጣ የወጣለት ልጅ ካልመለሰ የሁሉም ይነካል። ይህን ካወቁ በኋላ ጎበዞቹ ራሳቸው ሌሎቹን ያስጠናሉ። እረፍት ሰዓት ላይ ሲያስረዱ አግኝቻቸው አውቃለሁ።

ሌላው፣ «ስለ ውሃ» ርዕስ ነው። «ዓሦቹ ለምን አይሞቱም» ጥያቄ ነው። ርዕስ ከሰጠሻቸው ከመጽሐፍ ገልብጠው ያመጡልሻል። ጥያቄ ስጫቸው።

ጠመኔና ሰሌዳ፦
ቅር እንዳትሰኚ መምህርት፣ በግልጽ ልናገር። 24 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የጎዳሽ ዝምታው ነው። ግራፍ ማንበብ የማይችል ልጅ ግራፍ ሥራ ተብሎ ብቻውን ሲተው የሚማረው ነገር የለም፤ ግራ ይጋባና ጎበዙን ያያል። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ የተከራከሩት ይህንኑ ነው። ለትምህርቱ አዲስ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ ምሪት ሲተው፣ አእምሮው መንገድ ሲፈልግ ይደክምና ለመማር የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሲጎለብት ግን ምሪቱን ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል።

ፕሮጀክትን አልቃወምም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እነዚያ ልጆች ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ምን ተምረው ነበር?

የሳይንስ መምህርት፦
መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ የጉዞ ማስታወሻዬን አውጥቼ አየሁት። ምሳ ላይ መምህሩ የነገረኝ እዚያ ተጽፏል። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ክፍል ውስጥ በረዶ ያለበትን ብርጭቆና ሙቅ ውሃ አስለክቷቸዋል። ቴርሞሜትር ማንበብ፣ ሠንጠረዥ መሙላት፣ ግራፍ መሥራት፣ ሁሉንም ሰሌዳ ፊት ቆሞ አስተምሯቸዋል። ኮሪደሩ ላይም የአንድ ልጅ ግራፍ ሦስት ጊዜ ተሰቅሎ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ቁጥሮቹ መለኪያ የላቸውም። ሁለተኛው ላይ ጓደኛው በትንሽ ቢጫ ወረቀት «ይህ ሜትር ነው ወይስ ዲግሪ?» ብሎ ለጥፎበታል። ሦስተኛው ንጹሕ ነው።

ጽፌዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም። እኔ ያየሁት ዝም ያለበትን ቀን ብቻ ነው።

ከሰሜን፦
እኔ እዚሁ ፊንላንድ ነው የምኖረው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ፕሮጀክት የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ግዴታ ያደረገው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የትምህርት ዓይነቶችን ያጣመረ ጥናት እንዲኖረው ነው። ያኔ የውጭ ጋዜጦች «ፊንላንድ የትምህርት ዓይነቶችን ልታስቀር ነው» ብለው ጽፈው ነበር፤ ስህተት ነው። ሒሳቡ ሒሳብ ነው፣ ቋንቋውም ቋንቋ። ክፍለ ጊዜው በአብዛኛው 45 ደቂቃ ሆኖ 15 ደቂቃ ዕረፍት ይከተለዋል።

እኔ የምሠራበት ክፍል ደግሞ 21 ልጅ ነው ያለው። 62 ይዘሽ ራስሽን ከዚህ ጋር አታወዳድሪ። በዓመት አንዷን በደንብ ከሠራሻት በቂ ናት።

የሳይንስ መምህርት፦
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ።

ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቧንቧዎች ያንጠባጥባሉ። ጥያቄው «ይህ ቧንቧ በአንድ ቀን ስንት ሊትር ያፈሳል?» ይሆናል። መጀመሪያ ሦስት ፔሬድ አስተምራለሁ፤ መጠን መለካት፣ ሠንጠረዥ፣ ከደቂቃ ወደ ሰዓትና ወደ ቀን ማስላት። ከዚያ ነው የሚወጡት። አራት አራት ሆነው 14 ቡድን፣ ሦስት ሦስት ሆነው 2 ቡድን። በተራ 5 ደቂቃ ይለካሉ። ግምታቸውን ቀድመው ይጽፋሉ፣ ዕጣውም ይኖራል። ሁለት ቡድን አንድ ቧንቧ ለክቶ የተለያየ ቁጥር ካመጣ፣ ያን ጊዜ ዝም እላለሁ።

የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው መለኪያ ሲሊንደር አንድ ብቻ ነው።

ኬሚስትሪ ክፍል፦
ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ያምጡ፣ ቀጭኑን ዓይነት። አንገቱን ቁረጡለት። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዢ፣ ሁለት ሦስት ይበቃሻል። የፕላስቲኩ ታች ጎርበጥባጣ ስለሆነ መጀመሪያ 50 ሚሊ ሊትር ጨምረው አንድ መስመር ያስምሩ። ከዚያ በኋላ 10 በጨመሩ ቁጥር አንድ መስመር። ወረቀት ፕላስተር ከለጠፉበት በእስክሪብቶ ይጻፋል። ይህን ራሳቸው ይሥሩት፣ አንቺ አትሥሪላቸው። አንድ ፔሬድ ይወስድብሻል፤ ለክተው ሲመለሱ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማይነግርሽ ልጅ አይኖርም።