ለልጆች የአክሽን ተከታታይ የሮክ ሙዚቃ፦ ችክችካው ከጊታሩ ጋር እንዴት ይስማማ?

ጣና_ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳርና ጣና ላይ የሚቀረጽ የልጆች የአክሽን ተከታታይ አለ፤ 13 ክፍል፣ እያንዳንዱ 11 ደቂቃ። ባለታሪኮቹ ሦስት ልጆች ናቸው፤ በታንኳ ከደሴት ደሴት እየተሻገሩ የተሰረቀ ቅርስ ያስመልሳሉ። ፍልሚያና ማሳደድ በየክፍሉ አለ። ዳይሬክተሩ ሮክ ነው የሚፈልገው፤ ዲስቶርሽን ጊታር፣ ፈጣን ድራም፣ ልጆች አብረው የሚጮኹት አዝማች። «ግን የውጭ ካርቱን እንዳይመስል» ብሏል።

የመግቢያው ሙዚቃ ልክ 30 ሰከንድ ነው፣ ቀረጻው በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ አሉ፤ ድራሙ ከኮምፒውተር ነው። ሦስት ነገር አስቸግሯል።
– ከ4/4 ሮክ ወደ ችክችካ (በ6/8 ወደሚቆጠረው የሀገራችን ምት) ሲገባ ፍጥነቱ የተለወጠ ይመስላል፣ አዝማቹም ለልጆቹ አፍ አይመችም።
– ፓወር ኮርድ በቅኝት ላይ ሲጫን አንዳንዱ ቦታ ከቅኝቱ ይወጣል።
– የፍልሚያ ትዕይንት ላይ ጊታሩ ሲገባ የልጆቹ ንግግር ይዋጣል።

የምታውቁ አንድ በሉኝ።

ክራር_በጊታር

ከቅኝቱ ልጀምር፤ ነገሩ በሒሳብ የሚፈታ ነው። ፓወር ኮርድ አንድ ድምፅና ከሱ በላይ ያለው ንጹሕ አምስተኛ ነው። ቅኝት ያለው አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ለአንዳንዱ ድምፅ አምስተኛው እዚያው ውስጥ አይገኝም። ባልተገኘበት ላይ ኮርዱን ስትጭን ባዕድ ድምፅ ይገባል፣ ዲስቶርሽኑ ደግሞ እሱኑ ያጎላዋል።

የጊታሩ ወፍራም ክር በክፍቱ ሚ ስለሆነ ሁሉንም ከሚ እንነሣ።

ባቲ ማይነር፦ ሚ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ። በሚ፣ በሶ፣ በላ እና በሬ ላይ ፓወር ኮርድ ይቆማል። በሲ ላይ አይቆምም፣ ፋ ሻርፕ ይጠይቃልና። ይህ ቅኝት ድምፆቹ ሲቆጠሩ የሮክ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ሮክና እኛ ያለ ድርድር የምንገናኝበት ቦታ ይሄ ነው፤ የጀግኖቹን ዋና ዜማ እዚህ ላይ ጣለው።

አምባሰል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ኮርድ የሚቆመው በሚ፣ በፋ እና በላ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱ ይበቃሉ። ከሚ ወደ ፋ ያለችው ግማሽ ድምፅ በዲስቶርሽን ስትመታ ልክ ከባድ ሮክ ናት፤ ክፍቱን ሚ በመዳፍ እያፈንህ አራት ጊዜ፣ ከዚያ ፋን አንድ ጊዜ ክፈተው። ለማሳደድ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ትዝታ ማይነር (ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶ፣ ሲ፣ ዶ) በሚ፣ በሲ እና በዶ ላይ ያስኬዳል፤ ልጆቹ ሲሸነፉ ወይም ሲለያዩ ተጠቀምበት። ትዝታ ሜጀር ከሶ ሻርፕ በቀር በአራቱም ላይ ይቆማል፣ ለድል ነው።

አስቸጋሪው አንቺሆዬ ነው፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ሻርፕ። መነሻው ሚ ራሱ አምስተኛ የለውም፤ ኮርድ የሚቆመው በላ እና በሲ ፍላት ላይ ብቻ ነው። እዚህ ኮርዱን ተወው። ጊታርና ቤዝ አንዱን ዜማ በኦክታቭ አብረው ይምቱት። ያ ውጥረት ለወንበዴዎቹ መግቢያ ይሆናል።

ኮርድ በማይቆምበት ድምፅ ላይ ነጠላውን ወይም ኦክታቩን ምታ፤ ወይም አራተኛውን ደርብበት፤ ባቲ ላይ ሲን ከላይኛው ሚ ጋር እንደማለት።

ክራሩን ጊታሩን በቃኘህበት ቲዩነር ቃኘው፣ ላ በ440። ክሮቹ ክፍት ስለሆኑ የሚይዙት አንድ ቅኝት ብቻ ነው፤ መግቢያው መሀል ላይ ቅኝት ከቀየርክ ሁለት ጊዜ ቃኝተህ ሁለት ጊዜ ቅረጽ። ሊድ ጊታር የሚጫወተውን ሶሎ ለማሲንቆ ስጠው፣ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምረህ። «የውጭ እንዳይመስል» ለሚለው የእኔ መልስ ይሄ ነው። የሀገራችን የሮክ ቡድን ጃኖ ባንድም ሮክና የሀገር ዜማ አንድ መድረክ ላይ ሊቆሙ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ፍሬም_ቆጣሪ

ፍጥነቱ የተለወጠ የሚመስለው በእውነት ስለሚለወጥ ነው። ወደ ችክችካ ሲገቡ ብዙዎች የሩብ ኖታውን ምት ይይዙና ውስጡን ለሦስት ይከፍሉታል። በደቂቃ 150 ሩብ ኖታ ላይ እንዲህ ካደረግህ ስምንተኛ ኖታዋ ከ0.2 ሰከንድ ወደ 0.133 ትወርዳለች፤ ቃሉ በልጆች አፍ የማይገባው ለዚህ ነው። ስምንተኛዋን አትንካት። የምትቀይረው ስብስቧን ብቻ ነው፣ አራት አራት የነበረችው ሦስት ሦስት ትሆናለች።

ቴምፖውን 150 ላይ ትከለው። በ25 ፍሬም ሩብ ኖታ ልክ 10 ፍሬም፣ ስምንተኛዋ ልክ 5 ፍሬም ትሆናለች። የ4/4 ባር 40 ፍሬም ወይም 1.6 ሰከንድ፣ የ6/8 ባር 30 ፍሬም ወይም 1.2 ሰከንድ ነው። ችክችካው በራሱ ምት ሲቆጠር በደቂቃ 100 ይመጣል፣ ትከሻ ለማንቀሳቀስም ለመዝፈንም ይመቻል። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ቴምፖውን በሩብ ኖታ ስለሚቆጥሩ 6/8 ስታስገባ ቁጥሩን አትቀይር፤ ባሩን ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ስምንተኛዋ አሁንም 5 ፍሬም መሆኗን አይተህ አረጋግጥ።

30 ሰከንዱ እንዲህ ይሞላል፦ 4 ባር ሪፍ (የሚደጋገም የጊታር ሐረግ) በ4/4 (እስከ 6.4 ሰከንድ)፣ 8 ባር ግጥም በ4/4 (እስከ 19.2)፣ 8 ባር አዝማች በችክችካ (እስከ 28.8)፣ እዚያ ላይ የመጨረሻው ምት፣ የቀረው 1.2 ሰከንድ ለጊታሩ ማስተጋቢያ። ድምር 30.0። የመጨረሻውን ምት 30ኛው ሰከንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ማስተጋቢያው በመቀስ ይቆረጥበታል።

መሸጋገሪያዋ 12ኛዋ ባር ናት። ስምንቱን ስምንተኛ በ3፣ 3፣ 2 አጥብቃቸው፤ ኪክ (በእግር የሚመታው የድራሙ ወፍራም ምት) እና ጊታር በ1ኛዋ፣ በ4ኛዋ እና በ7ኛዋ ላይ አብረው ይምቱ። ጆሮው ሦስት ሦስቱን ቀድሞ ስለሰማ ችክችካው ሲመጣ አይደነግጥም።

ቀረጻው 24 ፍሬም ቢሆን ኖሮ 150ን በ144 ትተካው ነበር፣ ስምንተኛዋ ያኔም 5 ፍሬም ናት። በስልክ የተቀረጸ ትዕይንት ከተቀላቀለ ግን ተጠንቀቅ። ብዙ ስልክ የፍሬሙን ቁጥር እያለዋወጠ ስለሚቀርጽ ሙዚቃው ከምስሉ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ኤዲተሩ መጀመሪያ ወደ ቋሚ 25 ይለውጥልህ። ፋይሉንም በ48 ኪሎኸርዝ አስረክብ፤ 48 የነበረው በስሕተት እንደ 44.1 ከተነበበ 8 በመቶ ያህል ይዘገያል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ገደማ ይወርዳል፤ ያኔ ቅኝቱም ፍሬሙም አብሮ ይጠፋል።

ሚክስ_ቤት

የንግግሩን ጉዳይ እኔ ልያዝ። ዲስቶርሽን ጊታር ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ቦታ ይሞላዋል፤ ንግግር የሚለየውም እዚያው ነው። ጊታሩን በሙሉ ዝቅ ማድረግ ጉልበቱን ይገድለዋል። ንግግር ባለበት ቦታ ብቻ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ መካከል 4 ዲሲቤል ያህል ቅነስ፣ ሲያልቅ መልሰው። ከዚያ በፊት ግን ድርሰቱን አስተካክል። ልጅ ሲናገር ጊታሩ በመዳፍ የታፈነ ይሁን፤ አፉን ሲዘጋ ኮርዱ ይከፈት። ስክሪፕቱን ከፊትህ አድርገህ ንግግሩ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ ካልጻፍክ ኢኪው (ድምፁን በየኸርዙ መቀነስና መጨመር) ብቻውን አያድንህም።

ጊታሩን በ90 ኸርዝ ከታች፣ በ9 ኪሎኸርዝ ከላይ ቁረጠው። ዲስቶርሽኑን ብቻውን ስትሰማው ከሚጥምህ መጠን ቀንሰው፤ ሁለት ጊታር ሲደራረብ ይጨምራልና። ሁለቱን ግን በእውነት ሁለት ጊዜ አስመታቸው፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ። አንዱን ቀረጻ ኮፒ አድርጎ ጥቂት ሚሊሰከንድ በማዘግየት «ሁለት» ማስመሰል በሄድፎን ያምራል፤ ግራና ቀኙ ወደ አንድ ድምፅ ማጉያ ሲጠቃለል ግን እርስ በርስ ይበላላና ጊታሩ ቆርቆሮ ይሆናል። ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያዩት በስልክ ነው።

እዚያው ስልክ ላይ ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ነገር አይሰማም ማለት ይቻላል። ቤዙን ኮፒ አድርገህ ኮፒው ላይ ዲስቶርሽን ጨምር፣ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን አውጣ፣ ከዋናው ሥር ደብቀው። ያኔ ቤዙ በትንሹ ማጉያም ይኖራል።

ቡጢው ያረፈበት ፍሬም ላይ ስኔር (የድራሙን ስል ምት) አታስቀምጥ። የቡጢው ድምፅና ስኔሩ ተደራርበው ሁለቱም ይጠፋሉ። ስኔሩን ከዚያ ምት አውጣው፣ ቡጢው ራሱ ስኔር ይሁን።

ለ13ቱ ክፍል ለየብቻ አትድረስ። ሦስት የፍልሚያ፣ ሁለት የማሳደድ፣ አንድ የመሹለክለክ፣ የወንበዴዎቹ፣ የሽንፈት፣ የድልና የ5 ሰከንድ መሸጋገሪያ ሥራ። እያንዳንዱን በየ4 ባሩ (6.4 ሰከንድ) ሊቆረጥ በሚችል መንገድ ገንባው። ስቴሞቹን (የየመሣሪያውን ድምፅ በየራሱ ፋይል) ለይተህ ስጥ፦ ድራም፣ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ክራርና ማሲንቆ፣ የልጆች ድምፅ። ክራሹን (የድራሙን ጸናጽል) ከድራሙ ለይተህ ብቻውን አውጣው፤ ጅራቱ ረጅም ስለሆነ ኤዲተሩ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ የሚያስቀይመው እሱ ነው።

ስለ መጠን፦ ጣቢያው የሚቀበለውን ቁጥር መጀመሪያ ጠይቅ። የአውሮፓው የብሮድካስት ደረጃ −23 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ነው፣ ከፍተኛው ጫፍ −1 ዲሲቤል። ለዩቲዩብ የሚሆነው −14 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ማስተር አውጣ።

እንጉርጉሮ_7

ክራር_በጊታር የጻፈው የፓወር ኮርድ ሒሳብ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን አልስማማም፤ አንቺሆዬን የወንበዴ መለያ አታድርጉት። 13 ክፍል የሚያይ የሰባት ዓመት ልጅ ያንን ቅኝት በሰማ ቁጥር ክፉ ሰው መጣ ብሎ ይማራል። ሰርግ ቤት ሲሰማውም ያው ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱን ለልጆች አስፈሪ አድርገን የምናስረክብበት ምክንያት የለም።

ለወንበዴዎቹ ቅኝት አልባ የሆነ ነገር ሥሩ። ከሚ ወደ ሲ ፍላት፣ ከዚያ በግማሽ ድምፅ እየወረዱ ላ፣ ላ ፍላት፣ ሶ። በነጠላ ክር፣ በቤዝ፣ በዝግታ፣ 150ው ሳይለወጥ በግማሽ ስሜት፤ ማለትም ስኔሩ በሦስተኛው ምት ላይ ብቻ። ወንበዴው ሲገባ ቅኝቱ ይጠፋል፣ ልጆቹ ሲመለሱ ቅኝቱ ይመለሳል። ታሪኩም የጠፋ ቅርስ ማስመለስ ነው ካላችሁ፣ ሙዚቃው ይኸንኑ ይናገራል።

ክራር_በጊታር

እውነት ብለሃል፣ ይህን አላሰብኩትም። አንቺሆዬን ለደሴቶቹ፣ ለታንኳው ጉዞ አድርገው፤ ያለ ድራም፣ ክራርና ማሲንቆ ብቻ። ጣና ላይ ማለዳ ያለውን ጸጥታ ይይዝልሃል።

ጣና_ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የ5 ፍሬሟ ነገር ብቻዋን ብዙ ሥራ ታቃልላለች። አዝማቹ ላይ አንድ ልጨምር። ልጆቹ ከ8 እስከ 11 ዓመት ናቸው። ከየት እስከ የት ይዝፈኑ? ግጥሙስ በዚህ ፍጥነት ይሰማል?

ፊደል_በዜማ

ለዚያ ዕድሜ ከመሀለኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ ወይም ሬ ያለው ይመቻል። የባቲው ሚ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ልክ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሬን ለጩኸቱ ብቻ አስቀምጣት፤ ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ ከተነካች ድምፃቸው ይሰነጠቃል።

ግጥሙ ላይ ትልቁ አደጋ ጥብቀት ነው። ስምንተኛዋ 0.2 ሰከንድ ስለሆነች የሚጠብቅ ፊደል ያለበት ቃል በእሷ ላይ በፍጥነት ካለፈ ይላላል። «ጀግና አለ» በሚለው ላይ «ለ»ን አጥብቀህ ካልያዝካት መኖሩን መናገርህ ይቀርና «ጀግና ብሎ ተናገረ» ይሆናል። ከሚጠብቀው ፊደል በፊት ያለችውን ድምፅ ሁለት ስምንተኛ ስጣት፤ ከችክችካው ሦስት ስምንተኛ ውስጥ ሁለቱ ለ«አል»፣ አንዷ ለ«ለ»። ግጥሙን ሳትዘፍነው መጀመሪያ እያጨበጨብክ ተናገረው። ጭብጨባውና የቃሉ ጥብቀት ካልተገናኙ ዜማውን ሳይሆን ቃሉን ቀይር። አዝማቹ ላይ ስድስት ልጅ ካለህ ሦስት ጊዜ ቅረጻቸው፣ በየጊዜው ከማይኩ የሚቆሙበትን ቦታ እየለዋወጥክ፤ የብዙ ልጅ ድምፅ ይሆናል።

ሚክስ_ቤት

የረሳሁት፦ ቀረጻው ክረምት ላይ ከሆነ ከበሮው በእርጥበት ይረግባል፤ የሐይቁ ዳር አየር ደግሞ ይብሳል። ጠዋት የተቀረጸው ከሰዓት ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም። ፀሐይ ወይም ሞቅ ያለ ፍም አጠገብ (ከፍሙ ራቅ አድርገህ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ) ወጥረውና የሚያስፈልግህን በአንድ መቀመጫ ጨርስ። ሰፊውንም ጠባቡንም ፊት በተለያየ ጉልበት አምስት አምስት ጊዜ ነጠላ ምት ቅረጽ፤ ለቀሪዎቹ ክፍሎች ከዚያ ትጠቀማለህ። ከኪኩ ጋር ስታስገጥመው በአንድ ማጉያ አዳምጥ፤ ድምፁ ከሳሳ የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጥ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነም የማሲንቆውን ቀረጻ ዝናቡ ሳይመጣ በጠዋት ያዘው።