የጋራ ዕቅድ፦ የካሜራ መስመር ለአዲሶቹ ቤቶቻችን፣ ረቂቅ 2

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ረቂቅ 1 የተነሳው «ለእያንዳንዱ ቤት 8 ካሜራ ይገዛ» ከሚለው ነበር። ሦስት አባላት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ካሜራ መሰላል አቁሞ በግማሽ ቀን ይቀየራል፤ ልስን ካለቀ በኋላ ትዝ ያለ ቱቦ ግን መሮና መዶሻ ያስይዛል። ስለዚህ በቱቦና በኬብል እንጀምርና የካሜራ ምርጫው መጨረሻ ይምጣ። መነሻ ሐሳብ፦ ለአንድ ቤት 12 ነጥብ (ኬብል የሚደርስበት የካሜራ ቦታ) ይዘርጋ፣ ለጊዜው 8ቱ ላይ ብቻ ካሜራ ይሰቀል። 10 ቤት ነን፣ 120 ነጥብ ማለት ነው። አስተያየት ስጡበት።

የኤሌክትሪክ ሥራ ክትትል፦
በ12ቱ እስማማለሁ። ባዶ የሚቀሩት 4 ነጥቦች ኬብላቸው ተስቦ፣ ሳጥናቸው በክዳን ይዘጋ። ቱቦውን በተመለከተ ረቂቁ ላይ ይህ ይግባ።

ለካሜራው የምንስበው የካት 6 ኔትወርክ ኬብል ውፍረት ወደ 6 ሚሊሜትር ይጠጋል። የቱቦው ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም፤ በዚህ ስሌት 20 ሚሊሜትር ቱቦ 2 ኬብል፣ 25 ሚሊሜትር ቱቦ 4 ኬብል ይይዛል። «አምስተኛም ትገባለች» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። ትገባለች፤ ግን ተጎትታ ልባሷ ተልጦ፣ የውስጥ ጥንዶቿም (ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ሽቦዎች) ተላልተው ነው። ኬብል በእጅ እንጂ በሁለት ሰው ጉልበት አይሳብም፤ ወሰኑ 11 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ኃይል ነው።

አጭር ክርን መገጣጠሚያ አይፈቀድ፤ ቱቦው በስፕሪንግ ሰፋ ብሎ ይታጠፍ። በሁለት ሳጥን መካከል ከሁለት በላይ የ90 ዲግሪ እጥፋት አይኑር። ሦስተኛ የግድ ከሆነ መሃል ላይ መሳቢያ ሳጥን ይቀመጥ፣ ሳጥኑም በልስን አይቀበር። ሶሌታ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር ይታሰር፤ ሲባጎ ገብቶበት ሁለቱም አፉ በቴፕ ይደፈን። የሲሚንቶ ውሃ ገብቶ የደረቀበት ቱቦ እንደሌለ ቁጠሩት።

ከመብራት መስመር ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ይሻገር። በአንድ ቱቦ አብሮ መግባት ፈጽሞ የለበትም፤ ይህ የጥራት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦
በቱቦው ላይ የምጨምረው የለም። ኬብሉ ላይ ግን «ካት 6» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ «የሽቦው እምብርት ሙሉ መዳብ» የሚል ይጻፍበት። ገበያ ላይ አሉሚኒየም በመዳብ ተለብጦ በዚያው ስም ይሸጣል። መለያው ቀላል ነው፦ አንዱን ክር አጋልጣችሁ በቢላ ጫፍ ፋቅ ማድረግ። ከስር ብርማ ቀለም ካወጣ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑም ሲነሳ ቀለል ይላል።

ጣጣው የሚመጣው ካሜራው ኃይልም ዳታም የሚያገኘው በዚያው ገመድ፣ ፒኦኢ በሚባለው ዘዴ ስለሆነ ነው። የተለበጠው ሽቦ ለተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ከ1.5 እጥፍ በላይ ኤሌክትሪክን ይገታል። ቀን ካሜራው 4 ወይም 5 ዋት ሲበላ ምንም አይታይም። ሲመሽ በጨለማ የሚያሳየው የኢንፍራሬድ መብራቱ ይበራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ካሜራው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። በጣም በምንፈልገው ሰዓት ማለት ነው። ሰው ደግሞ ካሜራውን ይወቅሳል፣ ይቀይረዋል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀጥላል።

ሒሳብ ያዥ፦
እህቴ፣ ለአጭር ርቀት፣ ለምሳሌ ለሳሎን በር 10 ሜትር፣ ርካሹን ብንጠቀም አይበቃም?

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦
ሊሠራ ይችላል። ግን ሁለት ዓይነት ካርቶን አንድ ግንባታ ላይ ከገባ የትኛው የት እንደተሳበ ማንም አያውቅም። አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦
ተቀብያለሁ። እንግዲያው ስሌቱን ልሥራ። የአንድ ነጥብ አማካይ ርቀት 25 ሜትር፤ መቅረጫው (የካሜራዎቹን ምስል የሚያከማቸው መሣሪያ) ጋ 3 ሜትር፣ ካሜራው ጋ ግማሽ ሜትር ትርፍ ሲተው 28.5 ሜትር ይሆናል። አንድ ካርቶን 305 ሜትር ነው፤ 10 ነጥብ ሠርቶ ቁራጭ ይተርፋል። ቱቦ ውስጥ መቀጠል ስለማይቻል ቁራጩን አልቆጥረውም። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ቢገዛ ለ12 ነጥብ 2 ካርቶን፣ በድምሩ 20። በጋራ ስንገዛ 12 ካርቶን፣ ከነመጠባበቂያው 13። የማኅበሩ ዕቅድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦
ጥሩ። አንድ ነገር ደግሞ ስለ አርጄ-45 (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) አገጣጠም፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እሱ ነው። በሁለቱም ጫፍ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ቲ568ቢ በሚባለው የቀለም ደንብ ይሁን፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው ግራና ቀኝ መቀመጡን አስተውሉ። አንዳንድ ሠራተኛ «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ይበቃል» ብሎ ጥንዶቹን በተራ ይደረድራል። ርካሹ ቴስተር (የኬብል መፈተሻ) 1 እስከ 8 መብራቱን አብርቶ ያሳልፈዋል፣ ምክንያቱም የሚፈትሸው ሽቦው መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አይደለም። በ10 ሜትር ሊሠራ ይችላል፤ በ60 ሜትር ምስሉ ይቆራረጣል። ስለዚህ ርክክቡ በቴስተር መብራት ብቻ አይሁን፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ ካሜራ ተሰክቶ፣ የሌሊት መብራቱ በርቶ፣ ለአንድ ሰዓት ሳይቆራረጥ ይታይ። ርቀቱም ከነማገናኛ ገመዱ ከ100 ሜትር አይለፍ።

የቦታ ጥናት አባል፦
ወደ ካሜራው ልለፍ። «ግቢው ይታያል» እና «ሰውየው ይለያል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የክትትል ካሜራ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 62676-4፣ የማያውቁትን ሰው ፊት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል፣ የሚያውቁትን ሰው ለማወቅ 125፣ ሰው መኖሩን ለማየት 25 አስቀምጧል። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ወርዱ 2560 ፒክስል ስለሆነ ፊት የሚለየው የሚያየው ስፋት 10 ሜትር እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው። በ2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ይህ 4 ሜትር ርቀት ላይ ያልቃል። በ4 ሚሊሜትር 6 ሜትር ገደማ፣ በ6 ሚሊሜትር ደግሞ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁሉም ቦታ 2.8 የሚሰቀለው «ሰፊ ያሳያል» ተብሎ ነው፤ ሰፊ ያሳያል፣ ሌባውን ግን ጉንዳን ያሳክለዋል።

ሐሳቤ፦ የውጭ በርና የሳሎን መግቢያ በ4 ወይም በ6፣ የቤቱ ማዕዘኖች በ2.8። ከፍታው 2.5 እስከ 3 ሜትር። ከዚያ በላይ ከወጣ የሚቀረጸው ኮፍያ ነው። ክብ መስታወት ያለው ዶም ውጭ አይሰቀል፤ አቧራና ጤዛ የኢንፍራሬዱን ብርሃን መልሶ ሌንሱ ላይ ይረጨዋል። የዓይን ኳስ ቅርጽ ያለው ተሬት ይሻላል። የጎረቤት መስኮት የሚገባበት አቅጣጫ ካለ በመቅረጫው ላይ በጥቁር ይሸፈን፤ በኋላ ከመጣላት አሁን መጻፍ።

ጸሐፊ፦
4 ወይስ 8 ሜጋፒክስል? ረቂቁ ላይ ክፍት ነው።

የቦታ ጥናት አባል፦
ለበሩ 8 ይሁን፣ ለሌላው 4። ተመሳሳይ መጠን ባለው ሴንሰር (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) ላይ ፒክስል ሲበዛ እያንዳንዱ ያንሳል፣ በጨለማ ምስሉ ይነጠባጠባል። በር ላይ መብራት ስላለ ችግር የለውም።

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦
ማከማቻውን በዚህ እንዝጋው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲልክ በቀን 43 ጊጋባይት ይሞላል፤ 8 ካሜራ ሌት ተቀን 346 ጊጋባይት። ለ30 ቀን ከ10 ቴራባይት በላይ ያስፈልጋል፤ 6 ቴራባይት ዲስክ 17 ቀን ይይዛል። የበሩ ካሜራ ትንሽ ስለሚበልጥ 15 ቀን ብላችሁ ጻፉ። ዲስኩ ለክትትል ካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የኮምፒውተር ተራ ዲስክ ሌት ተቀን ለመጻፍ አልተሠራም።

መቅረጫው ከቴሌቪዥኑ ስር አይቀመጥ። ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲያነሳ እሱንም ያነሳዋል። አየር ያለው፣ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ይበጅለት። የውጭ ካሜራ ኬብል የቤቱ ኔትወርክ ጫፍ ግቢ ወጣ ማለት ስለሆነ ካሜራዎቹ በራሳቸው ቪላን (ከቤቱ ኔትወርክ በተነጠለ ክፍል) ይለዩ። ከሩቅ ለማየት በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) እንጂ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት የሚያስገባ በር) በመክፈት አይሁን። የፋብሪካው የይለፍ ቃል በርክክብ ቀን ይቀየር፣ ሰዓቱም ይስተካከል፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ቅጂ ለማስረጃ አስቸጋሪ ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራ ክትትል፦
መብራት ሲጠፋስ? ሌሊት 8 ካሜራ በ7 ዋት 56፣ መቅረጫው፣ ለካሜራዎቹ ኃይልና ዳታ የሚያከፋፍለው ስዊቹና ራውተሩ ሲደመሩ 95 ዋት ገደማ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ተቀንሶ 5 ሰዓት ያቆያል። ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ከግማሽ በታች አይውረድ። ስዊቹ ባለ 120 ዋት ይሁን።

አስተባባሪ፦
የአጥሩ በርስ? ከዋናው ቤት የተነጠለ ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራ ክትትል፦
ከመሬት በታች ይሂድ፣ ግን ተራ የቤት ውስጥ ኬብል አይሆንም፤ ጄል ያለው፣ ለመሬት ውስጥ የተሠራ ይሁን። የተቀበረ ቱቦ ውስጥ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። የመብረቅ መከላከያ በሁለቱም ጫፍ ይግባ፣ ሁለቱም ከመሬት መስመር ጋር ይታሰሩ። ያለ መሬት መስመር መከላከያው ጌጥ ነው። በሁሉም የውጭ ካሜራ ስር ማገናኛው ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ኬብሉም ከመግቢያው በታች ወርዶ ይነሳ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ።

ጸሐፊ፦
ሁሉም ገብቷል። የጨመርኩት አንቀጽ፦ «ከልስን በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳ፤ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ አንድ ቁጥር ይለጠፍበት፤ ፎቶውና የነጥብ ካርታው ለባለቤቱና ለማኅበሩ ይሰጥ።»

አስተባባሪ፦
ጥሩ ነው። ሶሌታቸው ቀድሞ የሚሞላው የ2 እና የ7 ቁጥር ቤቶች ስለሆኑ የነጥብ ካርታቸው ቅዳሜ ይቅረብ። የሌሎቹ ሳምንት ይጠብቃል።