ሐረጎን ወርዶ ፍሬኑ ለሚሸተው፦ የት ላሠራ፣ ምን ልግዛ?

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች «ኮምቦልቻ ስደርስ ፍሬኔ ይሸታል፣ ጋራዥ ጠቁመኝ» ስላሉኝ የደረሰብኝን ልጻፍ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ።

ጋራዥ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች የሐረጎ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ከወረደ የማንም መኪና ይሸታል። ስለዚህ ስትወርዱ ሳይሆን ስትወጡ ፍረዱ። ወደ ደሴ ስትወጡ ፍሬን እምብዛም አትነኩም። ደርሳችሁ ስትቆሙ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ፣ ያ ጎማ ተይዟል። እጃችሁን አስጠጉ እንጂ ዲስኩን አትንኩ። እኔ ነክቼ ሳምንት ሙሉ በማንኪያ ነው የበላሁት።

ቁልቁለቱን ስትወርዱ ግራና ቀኙ እኩል ከጋሉ ጥፋቱ የእግራችሁ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዛት። ለዚህ ገንዘብ አታውጡ።

የእኔው የፊት ቀኙ ነበር። መጀመሪያ ደሴ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ጎማውን እንኳ ሳያነሳ «ሸራው አልቋል» ብሎ አዲስ ሸራ ገጠመልኝ። በሦስተኛው ቀን ያው ሽታ። ከዚያ ኮምቦልቻ ከባድ መኪና የሚሠራ ሰው ጋ ሄድኩ። በክሪክ አነሳና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፤ እምቢ አለ። የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል ነው) አየር ማውጫ ላላ ሲያደርገው ዘይቱ ፊን አለ፤ ጎማው ግን እንደተያዘ ነው። «ግፊት ታፍኖ ቢሆን አሁን ይለቅ ነበር። ካሊፐሩ ራሱ ነው» አለኝ። ቢለቅ ኖሮ ተጠርጣሪው ውስጡ ያበጠ የዘይት ቱቦ ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ነበር። ሲፈታው ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል፣ ፒስተኑም መዛግ ጀምሯል።

ስለዚህ ለምርመራ ኮምቦልቻ እላለሁ። ከጅቡቲ በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና እዚያ ስለሚያልፍ ፍሬን የለመደ እጅ አይጠፋም። የትንሽ መኪና ዕቃ ግን ደሴ ብገዛ እመርጣለሁ። የትም ብትሄዱ ጎማ ሳያነሳ ዕቃ ግዛ የሚላችሁን ተዉት።

ካሊፐር በሦስት መንገድ ይዳናል። ፒስተኑ ካልተቦረቦረ የፒስተኑን ጎሚኒ መቀየር ይበቃል፤ እኔም ያንን ነው ያደረግኩት፣ ርካሹም እሱ ነው። ከተቦረቦረ አዲስ ግዙ። ያገለገለ ካሊፐር አልመክርም፣ የሌላ ሰው ዝገት መግዛት ነው። ለፒኖቹ የፍሬን ግራሶ ጠይቁ፤ ተራው ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ዲስኩን ቶርኖ ቤት ከማስላጣችሁ በፊት ደግሞ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት እዩ።

የፍሬን ዘይት ላይ አትቆጥቡ። ዶት 3 አዲስ ሆኖ በትንሹ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ዶት 4 ደግሞ 230። እርጥበት ሲጠጡ ወደ 140 እና 155 ይወርዳሉ። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ሐረጎ ላይ ይህን ማየት አትፈልጉም። እኔ ዶት 4 ነኝ፣ በየሁለት ዓመቱ እቀይራለሁ። የተከፈተ ጠርሙስ በቅናሽ ቢሰጧችሁም እንዳትወስዱ።

ከሥር የመጣ ጥያቄ፦
«ጋሼ፣ እኛ ሚኒባስ የምንነዳው ወርደን ጎማው ላይ ውሃ እንደፋለን። ወላሂ ወዲያው ነው የሚቀዘቅዘው። ችግር አለው?»

«አለው እንጂ የኔ ወንድም። የጋለ ብረት ላይ ውሃ ሲደፋ ዲስኩ ይጣመማል፣ ታምቡሮውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ፔዳሉ ጠንካራ ከሆነ ሜዳው ላይ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ንፋሱ ያቀዝቅዘው። ከላላ ግን ቁምና ጠብቅ። ስትቆም የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ስትነሳ ድንጋዩን አንሳው አደራ። ባለፈው ሐረጎ ላይ የመታሁት የማናችሁ እንደሆነ አላውቅም።»