አንዱ ሃይድራንጂያ ያብባል፣ ሌላው ቅጠል ብቻ ሆኗል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአትክልት ሥራ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በግቢያችን ሁለት የሃይድራንጂያ ቁጥቋጦዎች አሉ። አንደኛውን ልጆቼ ለእናቶች ቀን በፕላስቲክ መትከያ አምጥተውልኝ፣ ያን ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው አበባው ከጠወለገ በኋላ ከፊት ለፊት ካለው የሲሚንቶ ደረጃ አጠገብ ተከልነው። ሁለተኛው ከኋላ በአጥሩ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ ቤቱን ስንገዛ ነው ያገኘነው። ሣር የሚያጭዱልን ሠራተኞች በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ሁለቱንም ከመሬት ጥቂት ብቻ አስቀርተው ይቆርጧቸዋል። የኋለኛው እንዲህ ተቆርጦም በየበጋው ትልልቅ ነጭ አበባ ያወጣል፤ የፊተኛው ግን ቅጠሉ እየሰፋና እያማረ ሄዶ አበባ የለውም። ባለፈው በጋ በደረጃው በኩል ብቻ ጥቂት አበባ ሰጥቶ ነበር፤ እርሱም ሰማያዊ ሳይሆን ሮዝ ሆኖ አገኘሁት።

ጎረቤቴ የቡና አተላ በሥሩ ብደፋለት ወደ ሰማያዊነቱ እንደሚመለስ ነግራኛለች። በአንድ ዓይነት እንክብካቤ ሥር ያሉ ሁለት ቁጥቋጦዎች ለምን እንዲህ ተለያዩ? የቡና አተላውስ ይረዳል?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ሁለቱም ሃይድራንጂያ ይባሉ እንጂ ዝርያቸው የተለያየ እንደሆነ ከገለጻዎ መረዳት ይቻላል። ነጭ አበባ የሚሰጠው የኋለኛው ቁጥቋጦ የዚሁ የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ የሆነው ሃይድራንጂያ አርቦረሰንስ ይመስለኛል፤ ቅጠሉ ስስ፣ የማያብለጨልጭና ከግርጌው የልብ ቅርጽ ያለው ከሆነ ግምቴ ትክክል ነው። ይህ ዝርያ አበባውን የሚይዘው በዚያው ዓመት በበቀለ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ በክረምት መግቢያ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥም በጋውን ከማበብ አይከለከልም። በመትከያ የመጣልዎ ግን ከጃፓን የተገኘው ሃይድራንጂያ ማክሮፊላ ለመሆኑ ብዙም አልጠራጠርም። እርሱ የሚቀጥለውን ዓመት የአበባ እምቡጥ የሚያዘጋጀው ከበጋው መጨረሻ እስከ መኸር ባለው ጊዜ፣ ክረምቱን በሚያልፈው ቅርንጫፍ ጫፍና በየአንጓው ላይ ነው። ስለዚህ ኖቬምበር ላይ ከግርጌው ሲቆረጥ የመጪው በጋ አበባ በሙሉ አብሮ ይቆረጣል፤ ሥሩ ግን ጤነኛ ስለሆነ በፀደይ ቅጠል ከማብዛት የሚያግደው የለም። ባለፈው በጋ በደረጃው በኩል ያበበው ቅርንጫፍ ከመቀስ ያመለጠ ሳይሆን አይቀርም።

ሠራተኞቹን ይህን አንዱን ቁጥቋጦ ፈጽሞ እንዳይነኩት ይንገሯቸው፤ ምልክት የሚሆን ገመድ ቢያስሩበትም መልካም ነው። መግረዝ ካስፈለገ ጊዜው አበባው እንዳለፈ፣ ቢዘገይ እስከ ጁላይ መጨረሻ ነው። የደረቀውን የአበባ ራስ ክረምቱን በላዩ መተው ከሥሩ ያለውን እምቡጥ ከውርጭ በመጠኑ ይከልልለታል። በፀደይ ደርቆ የሚታየውን እንጨት ለማንሳት አይቸኩሉ፤ ልጡን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ቅርንጫፉ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ብቻ ይቁረጡት።

በእኛ አካባቢ ከመቀሱ ሌላ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም ዘግይቶ የሚመጣ ውርጭ ነው። ማርች ላይ ጥቂት ሞቃት ቀናት ይመጡና እምቡጡ ይነቃል፤ ከዚያ ኤፕሪል ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ያቃጥለዋል። በዚያን ሌሊት ቁጥቋጦውን በአሮጌ አንሶላ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ ይበቃል። ፕላስቲክ ግን ቅጠሉን ከነካ ቅዝቃዜውን ስለሚያስተላልፍ አልመክርም። ክረምቱን በሙሉ ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው በዙሪያው የሽቦ መረብ አቁሞ ውስጡን በደረቀ የዛፍ ቅጠል ሊሞላው ይችላል። በመትከያ የሚሸጡት አብዛኞቹ በግሪንሃውስ ሞቀው ያለወቅታቸው እንዲያብቡ የተዘጋጁና ለውበታቸው የተመረጡ በመሆናቸው፣ እምቡጣቸው ለውርጭ ብዙም እንደማይጠነክር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ይህ ሁሉ ድካም ከበዛብዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበውን ኤንድለስ ሰመር የተባለውን ዓይነት እንዲያስቡበት እመክራለሁ፤ እርሱ በከረመውም በለጋውም ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብብ የክረምቱ እምቡጥ ቢሞት እንኳ ዘግይቶ አበባ ይሰጣል።

ለሣር የሚበተነው ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያም ወደ ሥሩ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ፤ ቅጠሉን እያወፈረ አበባውን ይቀንሳል።

መልስ፦ ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

ስለ አገራረዙ የተሰጠው መልስ በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ቀለሙ ብቻ እጽፋለሁ።

ሰማያዊውም ሮዙም የሚመጣው ከአንድ ዓይነት ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ነው። ተክሉ ከአፈር አልሙኒየም መሳብ ሲችል አልሙኒየሙ ከዚያ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ አበባው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሳይችል ሲቀር ሮዝ ይሆናል። አልሙኒየም በአብዛኛው አፈር ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን በውኃ ሟሙቶ ለሥሩ የሚደርሰው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ነው። በተለምዶ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ሰማያዊ፣ ከ6.5 በላይ ከሆነ ሮዝ፣ በመካከሉ ደግሞ ወይን ጠጅ ወይም የተቀላቀለ ቀለም ይታያል። እዚህ ሲያትል ዝናቡ አፈሩን አሲዳማ ስላደረገው ሰዎች ምንም ሳይጨምሩበት በየመንገዱ ዳር ሰማያዊ ሃይድራንጂያ ይታያል። የእርስዎ ግን የተተከለው ከሲሚንቶ ደረጃ አጠገብ ነው፤ ከሲሚንቶ እየታጠበ የሚወርደው ኖራ የአካባቢውን አፈር አሲዳማነት ይቀንሳል። ስጦታው ሲመጣ ሰማያዊ የነበረውም አምራቾች በመትከያው ውስጥ አልሙኒየም ስለሚያጠጡት ነው፤ መሬት ላይ ሲተከል ያ ስንቅ ያልቃል።

ጎረቤትዎ በቅንነት የመከሩዎት ቢሆንም፣ የቡና አተላ ቀለሙን አይመልስም፤ የቡናው አሲድ አብዛኛው በሚፈላበት ጊዜ ከውኃው ጋር ስለሚሄድ አተላው ወደ ገለልተኛነት ይጠጋል። ከብስባሽ ጋር ቢቀላቀል አፈሩን ያለሰልሳልና አይጣል፤ ነገር ግን ብቻውን በሥሩ በወፍራሙ ሲከመር ጠጥሮ ውኃ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ሰማያዊ ከፈለጉ በአትክልት መደብሮች የሚሸጠውን አልሙኒየም ሰልፌት አንድ የሾርባ ማንኪያ በአራት ሊትር ያህል ውኃ አሟሙተው፣ አስቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ በእድገቱ ወራት አልፎ አልፎ ያጠጡት። መጠኑን መጨመር ሥሩን ያቃጥላል። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያም አልሙኒየሙን አስሮ ስለሚያስቀር አብሮ መስጠት አይገባም። ለውጡ በደንብ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት አበባ ላይ ነው። ነጩን የኋላውን ግን ምንም ቢያጠጡት ነጭነቱን አይለቅም።

በበኩሌ ከመድኃኒቱ ይልቅ ቦታውን መቀየር እመርጣለሁ። በመኸር ቅጠሉ ሲረግፍ ከሲሚንቶው ራቅ አድርገው፣ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ጥላ ወደሚያርፍበት ቢያዛውሩት ለቀለሙም ለጤናውም ይበጃል።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

እኛ ጋ ያለው ሁኔታ ለንጽጽር ቢጠቅም ብዬ ነው። ይህ ተክል እምቡጥ ለመያዝ ቀዝቃዛ ሌሊት ስለሚፈልግና የደጋ ሌሊት ይህን ስለሚያሟላለት፣ በከተማችን ጥላ ባለበት ግቢ በደንብ ያብባል። በዝናብ በታጠበ ቀይ አፈር ላይ ሰማያዊ ሆኖ ሲገኝ፣ በጥቁር የዋልካ አፈር ላይ ወደ ሮዝ ማዘንበሉ አይቀርም። ገበሬዎቻችን ለገብስና ለስንዴ ማሳ ኖራ የሚበትኑት አሲዳማው አፈር የሚለቀው አልሙኒየም የሰብሉን ሥር ስለሚጎዳ ነው፤ ያው ሰብል የሚጎዳው አልሙኒየም ነው ለዚህ አበባ ሰማያዊነትን የሚሰጠው።

የእኛ ችግር ውርጭ ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ የሚመጣው ድርቀት ነው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወዲያው ውኃ ማፍሰስ ሳይሆን መጀመሪያ ጣትን አፈሩ ውስጥ ከትቶ መፈተሽ ይገባል፤ አፈሩ እርጥብ ከሆነ አመሻሹ ላይ ራሱ ይነሣል። በሥሩ የገለባ ጉዝጓዝ ማልበስ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፊተኛውን ማንም እንዳይቆርጠው አዝዣለሁ፤ በመኸርም ወደ ምሥራቁ አጥር አዛውረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ለእንቁጣጣሽ አበባ ቆርጬ ቤት ማስገባት እወዳለሁ። ይህን ባደርግ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ እጎዳለሁን? ቤት ውስጥ ካስገባሁትም ቶሎ ይጠወልግብኛል።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ከነጩ ቁጥቋጦ እንዳሻዎ ረጅም አድርገው ይቁረጡ። ከፊተኛው ሲሆን ግን ከአበባው ራስ ወደ ታች ሲወርዱ በመጀመሪያ ከሚያገኙት የወፈረ የእምቡጥ ጥንድ በላይ አጠር አድርገው ቆርጠው፣ አፉ ጠባብ በሆነ አጭር ማስቀመጫ ውስጥ ያኑሩት። ማለዳ ቆርጠው የግንዱን ጫፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በፈላ ውኃ ውስጥ ካቆዩት በኋላ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ያዛውሩት። ቢጠወልግም አይጣሉት፤ ራሱን በሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢያጠልቁት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በሴፕቴምበር አካባቢ ደግሞ አበባው በእጅ ሲነካ እንደ ወረቀት ደረቅ የሚል ከሆነ፣ ጥቂት ውኃ ባለበት ማስቀመጫ ውስጥ ትተውት ውኃው በራሱ ሲያልቅ ቀለሙን እንደያዘ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ቅጠሉም አበባውም ሲበላ ሆድ ስለሚያውክ፣ ውሻ ወይም ድመት ካለዎት ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጡት።