የአውስትራሊያ ዎርኪንግ ሆሊደይ፦ 88ቱ ቀን እንዴት ይቆጠራል? ለሆስቴሉስ ቅድሚያ ልክፈል?

የማልሞዋ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 24 ዓመቴ ነው፣ የስዊድን ፓስፖርት አለኝ፣ ወጣቶች እየተዝናኑ እንዲሠሩ በሚፈቅደው የ417 (ዎርኪንግ ሆሊደይ) ቪዛ አውስትራሊያ ልሄድ ነው። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ 4 ወር ቆይቻለሁ፤ የጤና ምርመራ ይጠይቁኛል? ለሁለተኛው ዓመት ቪዛ የሚፈለገው የ88 ቀን ሥራስ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ደግሞ ቡንዳበርግ በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ያለ አንድ ሆስቴል የ4 ሳምንት ኪራይ አስቀድሜ ከላክሁ ቲማቲም ለቀማ እንደሚያስገባኝ ጽፎልኛል። ደመወዙ የሚከፈለው በለቀሙት ባልዲ ብዛት ነው። ልላክ?

ሰነድ አይጠፋም፦ ምርመራው አይቀርልሽም። ቲቢ በብዛት ባለበት አገር፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 3 ወር በተከታታይ የቆየ ሰው የደረት ራጅ ይታዘዝለታል፤ ኢትዮጵያም ውስጡ አለች። ቀድመሽ በራስሽ ክሊኒክ ሄደሽ እንዳትነሺ። መጀመሪያ አመልክቺ፣ መለያ ቁጥር ይልኩልሻል፣ በዚያ ቁጥር እነሱ ወደፈቀዱት ሐኪም ትሄጃለሽ። ሌላ ቦታ የተነሣ ራጅ ገንዘብ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው ቪዛ የሚጠየቀው ከአውስትራሊያ ውጭ ሆነሽ ነው። ባንክሽ ውስጥ ወደ 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር፣ ከዚያ ላይ የመመለሻ ትኬት ዋጋ ይኑር።

የእኛ ሰው ጣጣ ግን ስም ላይ ነው። በድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ የአባትሽ ስም በሌላ የፊደል አጻጻፍ ከተጻፈ፣ ቅጹ «ሌሎች ስሞች» ሲል እዚያ አስገቢው። ከዚያ በኋላ ባንኩም፣ የግብር ቁጥሩም፣ የደመወዝ ደረሰኙም ልክ በስዊድኑ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይሁን። ዘመድ ለመጠየቅ በአዲስ አበባ በኩል የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ የቢጫ ወባ ካርድሽን ያዢ፤ ከመግባትሽ በፊት ባሉት 6 ቀናት እዚያ ያደረ ሰው ይጠየቃል።

ቆጣሪው፦ ወደ 88ቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

በዘርፉ ሙሉ ሳምንት የሚባለውን ያህል፣ ለምሳሌ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሠራሽ ቅዳሜና እሁድም ተጨምሮ 7 ቀን ይያዝልሻል። ዝናብ ጥሎ 3 ቀን ብቻ ከሠራሽ ግን የሚቆጠረው 3 ነው። በአንድ ቀን 14 ሰዓት ብትሠሪም ያው አንድ ቀን ነው። ግማሽ ቀን እየሠሩ በየቀኑ «አንድ» ብሎ መመዝገብ ደግሞ ሁለተኛውን ቪዛ የሚያስከለክል ስሕተት ነው። በነጻ የተሠራ፣ ለምግብና ለአልጋ ብቻ የተሠራም አይቆጠርም፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል።

ሥራው ከተፈቀዱት ዘርፎች አንዱ፣ የእርሻው ፖስት ኮድም ዝርዝሩ ውስጥ መሆን አለበት። የሆስቴሉ ሳይሆን የእርሻው! በየሳምንቱ የደመወዝ ደረሰኙን ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፣ ከባንክ መግለጫው ጋር አመሳክሪ። ደመወዝ በእጅ ከሰጡሽ ማስረጃ የለሽም። ለቀማውን ደግሞ ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት አታቆዪው። ወቅቱ ያልፋል፣ ዝናብ ይመጣል፣ 80 ላይ ትቀሪያለሽ። ለሦስተኛው ዓመት በሁለተኛው ቪዛ ላይ ሆነሽ 6 ወር መሥራት ይጠበቅብሻል።

የባልዲ ሒሳብ፦ በባልዲ መክፈል ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ከኤፕሪል 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወለል አለው፤ ከሰዓቱ ተመን በታች መውረድ አይችልም። የባልዲው ዋጋ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት በጽሑፍ ይሰጥሻል፣ የሠራሽው ሰዓትም ይመዘገባል። የሰዓቱ ተመን 30 ዶላር ነው እንበል። 6 ሰዓት ሠርተሽ 55 ባልዲ በ2.50 ብትሞዪ 137.50 ነው፤ የሰዓቱ ግን 180 ነው። 42.50ውን አሠሪው ይጨምራል። «ቀርፋፋ ነሽ» ምክንያት አይሆንም። የወቅቱን ትክክለኛ ተመን የሠራተኛ መብት በሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በፌር ወርክ ኦምቡድስማን ድረ ገጽ ማስሊያው ላይ ታገኚዋለሽ።

ቲኤፍኤን፣ ማለትም የግብር ቁጥሩን፣ እንደገባሽ በግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በነጻ ጠይቂ፤ እስከ 28 ቀን ሊወስድ ይችላል። እሱ ካለሽና አሠሪው በግብር መሥሪያ ቤቱ የተመዘገበ ከሆነ እስከ 45,000 ዶላር 15 በመቶ ይቆረጣል። ከሌለሽ 45 በመቶ ይወስዱብሻል። ለለቀማ ኤቢኤን (የነጋዴ መለያ ቁጥር) አውጪ የሚልሽ ካለ እንደ ነጋዴ ሊቆጥርሽ ነው፤ ሱፐርም (አሠሪው የሚያስቀምጥልሽ የጡረታ ገንዘብ) ኢንሹራንስም ላለመክፈል የሚደረግ ዘዴ ነው። ሱፐሩን ከአገሩ ወጥተሽ ቪዛው ሲያበቃ ትጠይቂዋለሽ፤ 65 በመቶው ለግብር ስለሚሄድ ብዙ አትጠብቂ።

ከአዳማ፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይቻላል?

ሰነድ አይጠፋም፦ አይቻልም ወንድም። በ417ም፣ ለሌሎች አገሮች በሆነው ተመሳሳይ ቪዛ በ462ም ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። «አስገባሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ደላላ ይዋሻል። የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችን ግን በ462 በኩል ያመለክታሉ።

የማልሞዋ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ረድታችሁኛል። ሆስቴሉን የእርሻውን ስምና ፖስት ኮድ ጠየቅሁት፤ «ስትደርሺ ይነገርሻል» አለኝ።

ቆጣሪው፦ እንግዲያው ሳንቲም እንዳትልኪ። ቦታው ሄደሽ የአንድ ሳምንት ብቻ ክፈዪ፣ ደረሰኝ ተቀበዪ። የእርሻውን ስም፣ ፖስት ኮድና ሥራ የሚጀመርበትን ቀን በጽሑፍ ካልሰጡሽ ሳምንቱ ሲያልቅ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ።