የውኃ ስኪ ውድድር፦ አዲስ ጎታች ጀልባ ግዴታ ይሁን?

ጥያቄ አቅራቢ፦ የውኃ ስኪ፣ ማለትም በጀልባ እየተጎተቱ ውኃ ላይ የመንሸራተት፣ ውድድር ወጪ እየናረ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የምትበላው ደግሞ ጎታች ጀልባዋ ናት። ለክለብ ውድድር ሁሉ አዲስ ሞዴል ካልቀረበ ማለት ወጣቱን ከሐይቁ እያስወጣው ነው። በደንብ የተያዘች አሮጌ ጀልባ ትፈቀድ እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

ዳኛ፦ አልስማማም። ስላሎምን፣ ማለትም ተጎታቹ ተንሳፋፊ ኳሶችን በግራና በቀኝ እየዞረ የሚያልፍበትን ውድድር፣ ብቻ እንይ። ስድስቱ ኳሶች ከመስመሩ መሃል 11.5 ሜትር ይርቃሉ። ገመዱ ከ18.25 ሜትር ተነስቶ ወደ 16፣ 14.25፣ 13፣ 12፣ 11.25 እያለ ያጥራል። 11.25 ላይ ገመዱ ራሱ ኳሱ ጋ አይደርስም፤ ጉድለቱን ተወዳዳሪው በተዘረጋ ክንዱና ባጋደለ ገላው ይሞላዋል። እዚያ ላይ ጀልባዋ አንድ ስንዝር ወደ ጎን ብትሳብ ውጤቱ የተወዳዳሪው መሆኑ ይቀራል። ፍጥነቱም እንደዚያው ነው፦ በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር የመስመሩ 259 ሜትር የሚያልቀው በ16.08 ሰከንድ ነው። አሮጌዋ ተወዳዳሪው ገመዱን በሳበ ቁጥር ትዘገይና መልሳ ትፈተለካለች።

መካኒክ፦ ይቅርታ ዳኛ፣ እሱ የዕድሜ ችግር አይደለም፤ ነዳጁን ነጂው በእጁ ሲያስተካክል የሚመጣ ችግር ነው። በሳተላይት የሚሠራ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ለአሮጌ ሞተርም ይገጠማል፦ ተቀባይ፣ ስክሪንና የነዳጁን ኬብል የምትስብ ትንሽ ሞተር ናቸው። መመርመር ያለበት ሌላ ነው። የፕሮፔለሩ ጫፍ ትንሽ ከተፈረፈረ ንዝረት ይፈጥራል፤ ንዝረቱ ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ ኩሽኔታ ይበላል። ዘንጉን በእጅ ነቅንቁት፤ ከተጫወተ ኩሽኔታው ይቀየር። ዘንጉና ማርሹ የሚገናኙበትን ክፍተት ግን ጀልባዋ ውኃ ላይ እያለች ለኩ፤ ተጎታች ጋሪ ላይ ቅርጿ ይለወጣል። በዙሪያው ያለው ልዩነት ከ0.08 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

የማቀዝቀዣ ፓምፑ ከጎማ የተሠራ ባለ ክንፍ ትንሽ ተሽከርካሪ አለው። ሞተሩ ያለ ውኃ ከተነሳ ይህ ተሽከርካሪ ይቃጠላል። ሲቀየር ክንፎቹን ቁጠሩ፤ አንዱ ከጎደለ ስባሪው ማቀዝቀዣው ውስጥ ተሰንቅሯልና ፈልጋችሁ አውጡት፤ አለበለዚያ አዲሱ ፓምፕ እያለም ሞተሩ ይግላል። ከሁሉ በላይ የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች ጠበቅ አድርጉ። እየዞሩ ካልጠበቁ ከሥር ያለው እንጨት በስብሷል። ያችን ጀልባ ተዉአት፣ ጥገናዋ ከባድና ውድ ነው።

የዝላይ አሰልጣኝ፦ ለስላሎም እሺ፣ ዝላይ ግን ሌላ ነው። ወንዶች በሰዓት እስከ 57 ኪሎ ሜትር ይጎተታሉ፤ ዘላዩ ወደ ጎን ወጥቶ ሲመለስ ከጀልባዋ እጅግ በልጦ 1.8 ሜትር ከፍታ ያለው መዝለያ ላይ ይደርሳል። ሞተሩ በዚያ ቅጽበት ከላላ መዝለያውን ሳይዘጋጅ ያገኘዋል። ይህ የነጥብ ጉዳይ አይደለም፣ የጉልበትና የአንገት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ነጂ፦ አንድ ነገር ተረስቷል። አምራቾች ጀልባ በቅናሽ የሚሰጡት ለውድድር እየቀረበች በዓመቷ እንድትሸጥላቸው ነው። አዲስ ሞዴል ግዴታ መሆኑ ከቀረ ቅናሹም ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ገበያው ትልቅ ሞገድ ወደሚያነሱት ጀልባዎች አዘንብሏል፤ ለስላሎም የሚያስፈልገው ትንሽ ሞገድ የምትተው ጀልባ ደግሞ ገዥዋ ጥቂት ነው፤ ዋጋዋም ለዚህ ይወጣል።

ጥያቄ አቅራቢ፦ እንግዲያው እንከፋፍለው። ክብረ ወሰን የሚመዘገብበት ውድድር፣ ዝላይና ከ12 ሜትር ያጠረ ገመድ አሁን ባለው ደንብ ይቀጥሉ። ጀማሪዎችና 12 ሜትር ድረስ የሚወዳደሩት ግን በተመረመረች አሮጌ ጀልባ ይጎተቱ። አብዛኛው ተወዳዳሪ ያለው እዚያ ነው።

ዳኛ፦ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በውድድሩ ጠዋት ቀላል ክብደትና ከባድ ክብደት ያላቸው ሁለት ሰዎች በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከነፋስ ጋርና ነፋስን ተቃርነው፣ ይጎተቱ። አራቱም ሰዓቶች ከተቀራረቡ እፈርማለሁ። የከባዱ ሰው ከዘገየ ጀልባዋ ወደ ጋሪዋ ትመለስ።